ካርታ ላይ ቅርብ፣ መንገድ ላይ ሩቅ

ሰሞኑን ከባለሱቆች ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ሦስቱም ውስጥ ውሃ አለ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራና ቅመም እሸጣለሁ። በሱቄ ዙሪያ የ10 ማይል ክብ ስዬ ማስታወቂያ ልበትን ነው። ቨርጂኒያ ያለው ማክሊንም ገባልኝ። ልላክ?

መልስ፦ አትላኪ እህቴ። ክቡ መሃላችሁ ያለውን የፖቶማክ ወንዝ አያውቅም። ማክሊን በቀጥታ ቢለካ 9 ማይል ገደማ ነው፤ ደንበኛሽ ግን በርሮ አይመጣም። ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ካለው ከአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ወንዙን ሽቅብ፣ እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ድረስ፣ መኪና የሚያሻግር ድልድይ የለም፤ የኋይትስ ፌሪ ጀልባም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቆማለች። ስለዚህ የሁለቱም ዳር መኪና እዚያው ድልድይ ላይ ይፋጠጣል። አንድ ዓርብ ማታ ትኩስ እንጀራ ይዤ እዚያ ቆምኩ። ሳልሻገር ፌስታሉ በላብ ረጥቦ፣ እንጀራው እርስ በርሱ ተጣብቋል። ቨርጂኒያ ያሉት እነ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ደግሞ የራሳቸው የሀበሻ ሱቅ አላቸው። ለሳምንት እንጀራ ብሎ ወንዝ የሚሻገር ብዙ ሰው የለም፤ ለሠርግ የሀበሻ ቀሚስ ቢሆን አዎ፣ ይሻገራል። ክቡን ተዪውና፣ ዓርብ በሥራ መውጫ ሰዓት ከሱቅሽ በ20 ደቂቃ የት የት እንደሚደረስ ስልክሽ ላይ እዪ። በሜሪላንድ በኩል የተለጠጠ፣ በወንዙ በኩል የተቆረጠ ቅርጽ ይወጣልሻል። ገበያሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ። የቤልቪው ደንበኞቼ ለምን ቅዳሜ ብቻ ይመጣሉ?

መልስ፦ መሃላችሁ የዋሽንግተን ሐይቅ አለ። የ520 ድልድይ ክፍያው እንደ ሰዓቱ ይለያያል፣ በሥራ ቀን መግቢያና መውጫ ላይ ይወደዳል። ሌላው፣ የአይ-90 ድልድይ፣ ነፃ ነው፣ ግን ይጨናነቃል። ለእነሱ የምታመጣውን ዕቃ ለቅዳሜ አድርሰው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ሱቅ አለኝ። አዲሱ ድልድይ ገበያ ያመጣልኛል?

መልስ፦ በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ ደግሞ 43 ሜትር ነው፤ ከአሮጌው ጠባብ ድልድይ ጋር አይወዳደርም። ግን ወንድሜ፣ ድልድይ ወዲያም ወዲህም ነው የሚያሻግረው። መሻገሩ ሰልችቶት ካንተ ይገዛ የነበረ ሰው አሁን ባጃጅ ይዞ መሃል ከተማ ይወርዳል። ቆርቆሮና ቴሌቪዥን ላይ ብርህን አታስረው፣ ለእሱ ከተማ መሄዱ አይቀርም። ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና አብዛ። ለሁለት ሽንኩርት ብሎ አባይን የሚሻገር የለም። የጎንደር መንገድም በአንተ በኩል ነው፤ ለመንገደኛው ቀዝቃዛ ውሃ አይጥፋ።