ዮጋ ለወገብ ሕመም፣ ዮጋ ለነፍስ ዕረፍት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለወገብ ሕመሜ ሐኪም እንቅስቃሴ ስላዘዘልኝ ዮጋ ጀመርሁ፤ ሕመሙም ቀለለልኝ። ይሁን እንጂ አሠልጣኛችን በማብቂያው ላይ ዓይናችንን ጨፍነን «ኦም» እንድንል፣ እኛና ዓለሙ ሁሉ አንድ መሆናችንንም እንድናስብ ታደርገናለች። በጸሎት የማላገኘውን ጸጥታ እዚያ ማግኘቴ አስጨንቆኛል። ላቁመውን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ቀላሉን አስቀድመን እንመልስ። ወገብን ማፍታታትና በረጅሙ መተንፈስ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን ጽፏል፤ ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት እንደሚጠቅምም ለጢሞቴዎስ ነግሮታል። የሚስማማዎትን እንቅስቃሴ የሚወስነው ሐኪምዎ ነው።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። ዮጋ በሕንድ ሲጀመር የሃይማኖት መንገድ ነበር። ፓታንጃሊ የተባለ የሕንድ ሊቅ ነው የሚባለው ጥንታዊ የዮጋ ድርሳን መንገዱን በስምንት ደረጃዎች ሲከፍል፣ አሳና የተባለውን የሰውነት አቀማመጥ በሦስተኛው፣ የትንፋሽ ቁጥጥርን በአራተኛው አስቀምጦ፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ በማጽናት በኩል ሳማዲ ወደሚባለው ፍጹም ተመስጦ ይወስዳል። ዛሬ በየአዳራሹ የሚሠራው ተከታታይ እንቅስቃሴ ግን በአብዛኛው በሃያኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ዮጋ ያስተምር የነበረው ክሪሽናማቻርያ በዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ እጁንና እግሩን የዘረጋውን ሁሉ ጣዖት አምላኪ የሚያደርጉ ወገኖች ይቸኩላሉ፤ «ስፖርት ብቻ ነው» የሚሉትም እርስዎ በነገሩን ማብቂያ ላይ መልስ የላቸውም።

«ኦም» በሂንዱዎች ዘንድ የተቀደሰ ድምፅ ነው፤ የሰው ነፍስና የሁሉ መሠረት የሆነው ብራህማን አንድ ናቸው የሚለውም የአንዱ ወገናቸው ትምህርት ነው። እኛ ግን ፈጣሪ ዓለምን ካለመኖር ወደ መኖር እንዳመጣ፣ ፍጡርም መቼም ፈጣሪን እንደማይሆን እናምናለን። እንግዲህ ዓይንዎን ጨፍነው ከዓለሙ ሁሉ ጋር አንድ መሆንዎን ሲያስቡ የሌላ እምነት ምስክርነት እየሰጡ ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ሳይመረምሩ እንዲበሉ ፈቅዶላቸው፣ ለጣዖት የተሠዋ መሆኑ ሲነገራቸው ግን እንዲተዉት አዟል፤ ለእርስዎም ተነግሮዎታል። ስለዚህ ማብቂያው ሳይደርስ እንደሚወጡ ለአሠልጣኝዋ በትሕትና ይንገሯት፤ ካልፈቀደች እንቅስቃሴውን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ይቀጥሉ። ከዚህ ይልቅ የሚያጠብቁ መምህራን መኖራቸውን አልሸሽግም፤ እኔ ግን ለወገብዎ የረዳዎትን እንቅስቃሴ የምከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ጸጥታው፦ ቀስ ብሎ መተንፈስ የልብን ምት ማርገቡ የሰውነት ጠባይ ነው፤ ያመነውንም ያላመነውንም ያረጋጋል። ስለዚህ ጸጥታው መንፈሳዊ ከፍታ ላይ መድረስዎን አያሳይም፤ በጸሎት ጊዜ መጨነቅዎም ጸሎትዎ አለመሰማቱን አያሳይም። ዳዊት በመዝሙሩ ደጋግሞ ያለቅሳል፤ ጌታችንም በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወርዷል። ጸሎት ከሚሰማ አምላክ ጋር መነጋገር ነውና፣ አንዳንድ ቀን የሚቀርበው ነገር ራሱ ሰላም አይሰጥም።

ሆኖም ደክመው ከመተኛትዎ በፊት ተቻኩለው የሚጸልዩ ከሆነ፣ አእምሮዎ ቢበታተን አይድነቅዎ። ጸሎቱን ወደ ማለዳ ያምጡት፤ ከመጀመርዎ በፊት ጥቂት ጸጥ ብለው ይቁሙ፤ አንድ መዝሙር ብቻ ቢሆንም እያንዳንዱን ቃል እያስተዋሉ ያንብቡት። ሰውነትዎም በስግደት አብሮ ይጸልይ፤ ወገብዎ እስኪድን ድረስ ስግደቱ ምን ያህል እንዲቀልልዎ ግን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ።