የቮልስ ቤንዚን ፓምፕ፦ ሌላ ከመግዛትህ በፊት ዘንጉን ለካ

ወንድሜ፣ ከጻፍከው እንደተረዳሁት የአባትህ 1300 ቮልስ ቤንዚን አላነሳ ብሎ ጋራዥ ገባ፤ መካኒኩ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ አዲስ ፓምፕ ገዝቶ ገጠመለት፤ አሁን ደግሞ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ቤንዚን ያፈሳል፣ ጭሱ ጠቁሯል፣ ሞቆ ሲጠፋ ቶሎ አይነሳም። ጥያቄህ «ኦሪጅናል ፓምፕ የት አገኛለሁ?» የሚል ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር፦ እስኪስተካከል ድረስ መኪናውን አታስነሳው። የሚፈሰው ቤንዚን የሚወርደው ትኩስ ሞተር ላይ ነው፣ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሩም እዚያው አጠገብ አለ። ቮልስ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ሌላ ፓምፕ ፍለጋ ከመውጣትህ በፊት ግን የተገጠመውን ለካው፤ ፓምፑ ራሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በቮልስ ላይ ሦስት ዕቃ አብሮ ነው የሚሄደው፦ ፓምፑ፣ ከሥሩ ያለው የባክላይት (የጠንካራ ፕላስቲክ) መቀመጫ፣ በመቀመጫው መሃል የሚያልፈው የብረት ዘንግ። ዲስትሪቢዩተሩን በሚያዞረው ሻፍት ላይ ያለው ካም (ጉብታ) ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጉ የፓምፑን ማንሻ ይገፋል፣ ማንሻው ዲያፍራሙን (ፓምፑ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን) ስቦ ቤንዚን ያስገባል። ወደ ካርቡራተር የሚገፋው ዲያፍራሙ ሥር ያለው ስፕሪንግ ነው። እንግዲህ ዘንጉ ከልኩ በላይ ከወጣ ስፕሪንጉ አለልክ ይታመቃል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቤንዚኑን የሚያቆመው የካርቡራተሩ መርፌ ሊዘጋው አይችልም፣ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። አንተ የገለጽከው ምልክት ይህንኑ ይመስላል።

ዘንጉ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ዲናሞ ያለው ሞተር ቀጥ ብሎ የቆመ ፓምፕና 108 ሚሊሜትር ዘንግ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ገደማ ጀምሮ የመጣው አልተርኔተር ያለው ሞተር ደግሞ ፓምፑ አልተርኔተሩን እንዳይነካ ትንሽ ዘመም ያለ ነው፤ ዘንጉም 100 ሚሊሜትር ነው። 108ቱን ዘንግ ለዘመመው ፓምፕ ከሰጠኸው ማንሻውን ወይም ባክላይቱን ይሰብራል። 100ውን ለቀጥታው ከሰጠኸው ደግሞ ዘንጉ ማንሻው ጋ ስለማይደርስ አዲሱ ፓምፕ አንዲት ጠብታ አያነሳም፤ ብዙ ደህና ፓምፕ «አይሠራም» ተብሎ ለሻጩ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት አትመን። እዚህ ከተማ ያሉ ቮልሶች ሞተራቸው ሁለቴ ሦስቴ ተቀይሯል፣ ስለዚህ ዓይንህ ሞተሩን ይመልከት። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ሁለቱንም ዲናሞ ስለሚላቸው በስሙም አትታለል፦ የድሮው ቀጭንና ረዘም ያለ ሲሊንደር ነው፣ አልተርኔተሩ ወፈር ይላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሁለቱን 13 ቁልፍ ዳዶዎች ፈትተህ ፓምፑን አንሳ። መቀመጫውን ከታችና ከላይ ካሉት ጋስኬቶች ጋር ቦታው ላይ አስቀምጥ። ከዚያ የዲናሞውን ፑሌጃ በቁልፍ ቀስ እያልክ አዙርና ዘንጉ ከላይኛው ጋስኬት በላይ ስንት እንደሚወጣ በካሊፐር ለካ። ከፍ ሲል 13 ሚሊሜትር፣ ዝቅ ሲል ወደ 8 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 14 ወይም 15 ካገኘህ ከመቀመጫው ሥር ጋስኬት ጨምር፤ የጋስኬት ወረቀት ገዝተህ በአሮጌው ልክ መቁረጥ ትችላለህ። ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማሳጠር ግን አልመክርም፤ ጫፉ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ያ ቆዳው ከተነሳ ቶሎ ይበላል። ከ13 በታች ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ራሱ ተበልቶ ይሆናል፣ አውጥተህ ርዝመቱን ለካው። ዘንጉ ከ8 እስከ 13 የሚንቀሳቀሰው አምስት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ (ምቱ ይህ ነው) አንድ ሚሊሜትር ማጠሩ ቀላል አይደለም። ምናልባት የመጀመሪያው ፓምፕ «አላነሳ» ያለውም በዚህ ሊሆን ይችላል።

ስትመልስ ባክላይቱ ይቅደም፣ ዘንጉ ይከተል። ዘንጉን አስቀድመህ ከጨመርከው ሞተሩ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሥራው ሌላ ነው። ሾል ያለው ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ካሙ። ዘንጉ ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ አቁመህ የፓምፑን ሆድ ግራሶ ሙላና ዳዶዎቹን በየተራ እኩል አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ባክላይቱ ይሰነጠቃል።

ግፊቱን ለማወቅ በፓምፑና በካርቡራተሩ መሃል ቲ (ሦስት አፍ ያለው ማገናኛ) አስገብተህ የዝቅተኛ ግፊት ጌጅ ግጠም፤ የጎማ ጌጅ ለዚህ አይሆንም። 0.2 ባር አካባቢ ጥሩ ነው። 0.35ን ካለፈ መርፌው አይችለውም። ግፊቱ ልክ ሆኖ አሁንም የሚፈስ ከሆነ ጥፋቱ ከካርቡራተሩ ነው፦ ከታንኩ የመጣ ዝገት መርፌው ሥር ተቀምጧል፣ ወይም ፍሎቱ (ተንሳፋፊው) ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቷል።

አሁን ወደ ፍለጋው። ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ፓምፕ፣ መቀመጫውንና ዘንጉን ይዘህ ሂድ፤ «የቮልስ ፓምፕ» ብለህ በስም ብቻ አትጠይቅ። ሱቁ ውስጥ ሳለህ የቤንዚን መግቢያውን በጣትህ ዘግተህ ማንሻውን ተጫን፤ ጣትህን መሳብ አለበት። መውጫውን ዘግተህ ተጭነህ ስትለቅ ደግሞ አየሩ ወደ ውጭ መግፋቱ በጣትህ ይታወቅሃል። ቀጥሎ ሁለቱን የናስ ቱቦዎች ይዘህ ለማሽከርከር ሞክር፣ ትንሽም ብትንቀሳቀስ አትግዛው። በርካሽ ፓምፖች ላይ ቱቦዋ በመንገድ ላይ ከነጎማዋ ትወጣለች።

የጀርመኑን ፒርቡርግ ወይም የብራዚሉን ብሮሶል ካገኘህ እመርጣቸዋለሁ፤ ነገር ግን ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የኖረ «ያልተነካ ኦሪጅናል» ዲያፍራሙ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም የድሮ ጎማ አይወድለትም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ክዳኑ በብሎኖች የታሰረ አሮጌ ፓምፕ ነው፣ ያገለገለ ቢሆንም። ይከፈታል፣ ይታደሳል። ጠርዙ ተጨፍልቆ የተዘጋው ግን አይከፈትም፣ ከተበላሸ ተጥሎ ነው። የማደሻው ኪት ዲያፍራም፣ ቫልቭና ጋስኬት ብቻ ስለሆነ ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ በኪሱ ይይዘዋል። ስትከፍተው ሁለቱን ግማሾች በጭረት ምልክት አድርግባቸው፤ ስትዘጋ ማንሻውን እስከ ግማሽ ምቱ ተጭነህ ይዘህ ብሎኖቹን አጥብቅ፣ አለበለዚያ ዲያፍራሙ ተወጥሮ ቶሎ ይቀደዳል።

«ኤሌክትሪክ ግጠምና ተገላገል» የሚሉህ አሉ። ይቻላል፣ ግን ከቪትዝ ወይም ከኮሮላ የወጣ የኢንጀክሽን ፓምፕ በፍጹም አይሆንም፤ ግፊቱ ወደ 3 ባር ነው፣ ካርቡራተርህ የሚፈልገውን ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። የካርቡራተር ዝቅተኛ ግፊት ፓምፕ ከሆነ ፊት ለፊት ታንኩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይገጠም፣ ምክንያቱም እነዚህ ፓምፖች ከመሳብ መግፋት ይሻላቸዋል። ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቋርጠው የዘይት ግፊት ስዊች ይኑረው፤ ዘንጉ ወጥቶ ቀዳዳው በሳህን ይዘጋ። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ያሉት ብዙዎቹ 6 ቮልት ስለሆኑ ባትሪህን አስቀድመህ እይ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትሳሳት፦ ሜክሲኮ አደባባይ ወይም ስታዲየም ላይ መንገዱ ተዘግቶ ቆመህ ሞተሩ ከጠፋ፣ ቀዝቅዞ ከተነሳ፣ ፓምፕ አትቀይር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቤንዚን እዚህ በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፤ መስመሩ ውስጥ ከተነነ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። የሞተር ክፍሉ ዙሪያ ጎማ ካለቀ ከታች ያለው ሙቀት ወደ ላይ ይገባል፣ ያንን ተካ።

የቤንዚን መስመሩ የጎማ ቱቦ ውስጡ 5 ሚሊሜትር ይሁን። ገበያ ላይ የሚበዛው 6 ነው፤ በፋሼታ ታንቆም ቢሆን ይሾልካል። የቤንዚን ፊልትሩን ካርቡራተሩ ላይ ካንጠለጠሉልህ አውርደህ ከመኪናው ሥር፣ ከሞተሩ ቆርቆሮ በፊት አድርገው። ቱቦው የሞተሩን ቆርቆሮ አልፎ በሚገባበት ቀዳዳ ላይም ጎማ መኖሩን እይ፣ ቱቦው የሚቀደደው ብረቱ እየበላው ነው።

በመጨረሻ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ከሸተተ የድሮው ፓምፕ ዲያፍራም ተቀዶ ወደ ዘይቱ ሲያፈስ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ 2.5 ሊትሩን ዘይት ሳትቀይር አትንዳ፣ ብሮንዚኖቹን (የሞተሩን ሻፍት ተሸካሚዎች) ይጨርሳቸዋል። ከተገጠመ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አሽትት፣ ዳዶዎቹንና ፋሼታዎቹንም ያኔ ደግመህ አጥብቅ። የለካኸውን ቁጥር እዚህ ጻፍልን፣ ስንት ጋስኬት እንደሚያስፈልግህ አብረን እናየዋለን።