መልስ፦ አሜሪካ ቬትናምን ማሸነፍ ለምን ተሳናት?

ጠያቂያችን፣ አሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወታደር አሰልፋ ለምን ድል እንዳጣች ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ዋናው ችግር የመሣሪያ ማነስ ሳይሆን፣ ወዳጅና ጠላት በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ መሥሪያ ቤት አብረው መኖራቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1962 መቀመጫውን ሳይጎን ያደረገው፣ በአሜሪካ የሚደገፈው የደቡብ ቬትናም መንግሥት ገበሬውን ከኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊዎች ለመነጠል በቀርከሃና በሾህ ሽቦ በታጠሩ መንደሮች ማስፈር ሲጀምር፣ የአያቶቹን መቃብርና የሩዝ ማሳውን ትቶ እንዲነሣ የተገደደው ሰው አጥሩን እንደ መከታ ሳይሆን እንደ እስር ቤት ቆጠረው። ይባስ ብሎ ፕሮግራሙን ከሚቆጣጠሩት አንዱ የነበሩት ኮሎኔል ፋም ንጎክ ታኦ በምስጢር ለኮሚኒስቶቹ የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ሰፈራው በጥድፊያ እንዲስፋፋ እየገፋፉ የገበሬውን ምሬት አባባሱት። በአስተርጓሚ የሚሰማና በዓመቱ የሚቀየር የውጭ ወታደር እንዲህ ያለውን ሰው በምን ይለየዋል?

ከርዕዮተ ዓለሙ ክፍፍል ሥር ደግሞ የመሬት ጥያቄ ነበር። ለእኛም ጆሮ እንግዳ ያልሆነው «መሬት ለአራሹ» በሳይጎን ሕግ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር ግን ከዚያ በፊት በ1969 መውጣት ጀምሮ ነበር።