የዕድሜ ባለጸጋዋ ቪትዝ ከየት ትጀመር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የተሽከርካሪ ዓምድ

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በሐዋሳ ከተማ አቶቴ አካባቢ ሲሆን መተዳደሪያዬ መምህርነት ነው። ባለፈው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር የ2000 ሥሪት የሆነች ባለ 1 ሊትር ሞተር ቶዮታ ቪትዝ ከአጎቴ በመጠነኛ ዋጋ ተረክቤአለሁ። መኪናዋ መጀመሪያ ለጃፓን መንገድ የተሠራች እንደሆነችና መሪዋ ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እንደተዛወረ አጎቴ ነግሮኛል። ቅዳሜና እሁድ በግቢያችን የማንጎ ዛፍ ሥር ራሴ ስነካካት ደስ ይለኛል። ዕቅዴ ባለ 16 ቸርኬ መግጠም፣ ሞላዋን አስቆርጬ ዝቅ ማድረግ፣ የአየር ፊልትሮውን በክፍት ፊልትሮ መተካት፣ ማርሚታዋን መቀየርና ለፊት መብራቷ ኤልኢዲ አምፖል ማስገባት ነው። ይሁንና ኮብልስቶን ላይ ከፊት በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ፍጥነቷ ወደ 80 ሲጠጋ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይም ትደክማለች። ባለቤቴ «ይህችን መኪና ወይ ሽጣት ወይ አግባት» ማለት ጀምራለች። የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ከዘረዘሯቸው አምስት ሐሳቦች ውስጥ ሞላ ማስቆረጡን ጨርሰው እንዲተዉት፣ የቀሩትን አራቱን ደግሞ መኪናዋ ወደ ቀድሞ ጤንነቷ እስክትመለስ ድረስ እንዲያቆዩአቸው እንጠይቅዎታለን። ከ20 ዓመት በላይ በሠራች መኪና ላይ ያረጀው ሳይታደስ አዲስ ነገር ከተጨመረ፣ አዲሱ አሮጌውን ፈጥኖ ይጨርሰዋል። የላላ ቴስቲና (የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) በሰፊ ጎማ ይበልጥ ይላላል፤ የደከመ አሞርዛተርም (የሞላውን ንረት የሚያበርደው ክፍል) በአጭር ሞላ ፈጽሞ ይሞታል። ለባለቤትዎ ግን ይህን ያህል ሊሉላቸው ይችላሉ፦ ይህች መኪና በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ስታርሌትን ተክታ የወጣች፣ በአውሮፓም ያሪስ በሚለው ስሟ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠች ናት። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን አሳምሮ ማቆየት ከትርፍ ጊዜ መዝናኛነት አልፏል።

ከኳ ኳታው እንጀምር፤ ይህ በራስዎ እጅ ሊመረመር የሚችል ነገር ነውና። መኪናዋን በደልዳላ ቦታ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ ያስደግፉ። የፊቱን አንድ ጎን በክሪክ ካነሱ በኋላ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ ማቆሚያ ብረት ወይም ወፍራም ግንድ ሳያስገቡ ወደ ሥሯ እንዳይገቡ፤ ክሪክ መኪና ማንሻ እንጂ መኪና መያዣ አይደለም። ከዚያ ጎማውን በሁለት እጅዎ ግራና ቀኙን ይዘው ይነቅንቁት። ልል ሆኖ ካገኙት፣ ሌላ ሰው መሪውን ሳያንቀሳቅስ ይዞልዎት ጎንበስ ብለው ቴስቲናውን ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቀጥሎ ጎማውን ላይና ታቹን ይዘው ይነቅንቁ። አሁንም ከላላ አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥልዎት ያድርጉ፤ ፍሬን ሲረገጥ ልሉ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ሲሆን፣ ካልጠፋ ግን የብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ኳስ ወይም ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ነው። በመጨረሻም የብራቾውን ጎሚኒዎች (የላስቲክ ቀለበቶች) በረጅም ብረት ፈንቅለው ይዩ፤ የተሰነጠቀ ጎሚኒ በዓይን ይታያል። በኮብልስቶን ከተማ የኖረች መኪና ጎሚኒዋ ሳይበላ ቢገኝ ይገርመናል። ጎሚኒም ሆነ ቴስቲና ሲቀየር የግራና የቀኙ በአንድ ጊዜ ይቀየር፤ ቴስቲና ከተነካ በኋላም አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ሳይሠራ መኪናዋ ረጅም መንገድ እንዳትወጣ።

በ80 ኪሎ ሜትር የሚመጣው መንቀጥቀጥ የተለየ ጉዳይ ነው። ፍሬን ሳይረገጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጎማ ባላንስ መዛባት፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ያበጠ ጎማ ነው፤ የባላንስ ማሽን ያለው ጎሚስታ ሥራ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን የፊት ዲስኮቹን ያስለኩ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ዳዶዎቹ የሚጠብቁበት ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በቧንቧ አስረዝመው በእግራቸው እየረገጡ የሚያጠብቁ ጎሚስታዎችን በትሕትና ያስቁሙ።

መሪዋ የዞረ በመሆኑ ደግሞ ከሌላ ቪትዝ ባለቤት ይልቅ እርስዎ የሚመረምሩት አንድ ነገር ይበዛብዎታል። የመሪው ዘንግ ከወለሉ በታች ጎማዎቹን ከሚያዞረው ጥርስ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የተበየደ ነገር መኖር አለመኖሩን፣ የፍሬን ፔዳሉም ኃይሉን ወደ ፍሬን ዘይት ፓምፑ በቀጥታ የሚያደርስ ወይም በተጨመረ ዘንግ በኩል የሚያሻግር መሆኑን ልምድ ያለው መካኒክ ያሳይዎት። በብየዳ የተቀጠለ የመሪ ዘንግ ካገኙ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቁምና መጀመሪያ ለግራ መሪ ከተሠራች መኪና የወጣ ሙሉ ዘንግ ይፈለግለት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ድረስ ሄዶ መፈለግ የሚገባው ዕቃ ቢኖር ይህ ነው።

በዚያው የፍሬን ዘይቷን ይቀይሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። በከተማ ውስጥ ልዩነቱ አይታወቅዎትም፤ ከሀገረ ሰላም ከፍታ ቁልቁል ሲወርዱ ግን የፈላ ዘይት ፔዳሉን እንደ ስፖንጅ ያለሰልሰዋል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር በቂ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቷ እንምጣ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አራት እጁ ብዙም አይበልጥም። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን በሚያገኘው አየር ልክ ነውና፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበራት መኪናዎ ምንም ሳትታመም እዚህ ወደ 58 ያህል ወርዳለች። ይህን ክፍት ፊልትሮ አይመልሰውም። እንዲያውም ክፍት ፊልትሮ በኮፈኑ ሥር ያለውን የጋለ አየር ስለሚስብ ጉልበት ይቀንሳል፤ የስምጥ ሸለቆውን ደቃቅ አቧራም እንደ ዋናው የወረቀት ፊልትሮ አጥብቆ አያስቀርም። ይልቁንስ ለመኪናዋ የተሠራ አዲስ ፊልትሮና ትክክለኛ ካንዴላ ይግጠሙላት፤ የአየር ማስገቢያውን በር በማጽጃ ስፕሬይ ያጽዱ፤ ከዚያም ጥቂት ኪሎ ሜትር ያለ ብዙ ፍሬን ነድተው ከቆሙ በኋላ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው፤ የዳገት ድካሟ ምክንያትም ምናልባት እሱ ሊሆን ይችላል። ሞተሯ ላይ ያለው የካምሻፍት ማዞሪያ ሰንሰለት እንጂ ቺንጋ አይደለም። ስለዚህ «የታይሚንግ ቺንጋዋ ጊዜው አልፏል» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት አመስግነው ወደ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ። የሰንሰለቱ ዕድሜ የሚወሰነው ዘይት በጊዜው በመቀየሩ ነው።

ስለ ቸርኬ ያለዎትን ሕልም ሙሉ በሙሉ ልናጨልመው አንፈልግም። ለዚህ ትውልድ ከሚገጠሙት የፋብሪካ ልኮች አንዱ 175/65 አር 14 ሲሆን፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 583 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ ብቻ 114 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 16 ቸርኬ ላይ 195/45 ቢያስገቡ ጠቅላላው ቁመት ብዙም ባይለወጥም ጎኑ ወደ 88 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ይህም ማለት ጉድጓድ በተመታ ቁጥር በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ያለው ላስቲክ ከአንድ ጣት በላይ ቀነሰ ማለት ነው። 185/55 አር 15 ግን ቁመቱ 584 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የፍጥነት ቆጣሪውን ሳያዛባ፣ ጎኑንም 102 ሚሊ ሜትር አድርጎ ያማረ መልክ ይሰጥዎታል። ቸርኬው ባለ 4 ቀዳዳ ሆኖ የቀዳዳዎቹ ክብ 100 ሚሊ ሜትር፣ የመሐሉ ቀዳዳ 54.1 መሆኑን አረጋግጠው ይግዙ።

ስለ ሞላ ማስቆረጥ የምንናገረው ከመጽሐፍ አይደለም። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ በወጣትነቱ የስታርሌቱን ሞላ በግራይንደር አስቆርጦ ለአንድ ሳምንት ያህል በኩራት ነድቷል። በስምንተኛው ቀን አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ማርሚታውን ጥሎ ሄደ፤ ማርሚታውን አንሥተው እየሮጡ ያደረሱለትም ሁለት የጫማ አስዋቢ ልጆች ነበሩ። ከአሳፋሪነቱ በላይ፣ የተቆረጠ ሞላ መንኮራኩሩ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ የሚችል መሆኑ አደገኛ ያደርገዋል።

ከዕቅድዎ ሁሉ ሊደገፍ የሚገባው መብራቱን የማሻሻል ሐሳብ ነው፤ መንገዱ ግን ኤልኢዲ አምፖል አይደለም። መኪናዎ ለጃፓን የተሠራች ከሆነ፣ ጃፓኖች በግራ መስመር ስለሚነዱ አጭር መብራቷ በግራ በኩል ከፍ ብሎ የግራውን የመንገድ ዳር እንዲያሳይ የተቀረጸ ነው። በእኛ መንገድ ያ ከፍ ያለ ብርሃን የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው የባጃጅ ሾፌር ዓይን ላይ ነው። ማምሻውን መኪናዋን ከአንድ ነጭ ግድግዳ 5 ሜትር ያህል አርቀው አቁመው አጭር መብራቱን ያብሩ፤ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ወደ ግራ ሲሄድ ሽቅብ ከወጣ ጥርጣሬው እውነት ነው። መፍትሔው በቀኝ መስመር ለሚነዳ አገር የተሠራ ሙሉ የፊት መብራት መግጠም ሲሆን፣ ለሃሎጅን በተሠራ መስተዋት ውስጥ ኤልኢዲ መክተት ግን ብርሃኑን በየአቅጣጫው በትኖ ችግሩን ያባብሰዋል። መስተዋቱ ከተቀየረ በኋላ ከባትሪው በወፍራም ሽቦና በሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል በሚያበራ ማብሪያ) በኩል ኃይል ቢያደርሱለት ተራው ሃሎጅን አምፖል ምን ያህል እንደሚደምቅ ሲያዩ ይገረማሉ። ይህ ሥራ ለማንጎው ጥላ የተስማማ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ታቦር ተራራ ሥር ከሚገኝ መንደር የምጽፍ እናት ነኝ። አሮጌዋ ያሪሴ በየሳምንቱ የራዲያተር ውኃ ትቀንሳለች። እኔም ከቧንቧ እየቀዳሁ እሞላለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አለው። በሐዋሳ ከፍታ ንጹሕ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተርዎን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን በውስጥ የሚይዘው ግፊት ነውና፣ ርካሹ ክዳን ላስቲኩ ከደረቀ ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ውኃው ይፈላል፤ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ። የቧንቧው ውኃ ደግሞ፣ በተለይ ከጉድጓድ የሚወጣው፣ በማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚያዩትን ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችም ውስጥ ይጋግራል። ራዲያተሩን አሳጥበው የተጣራ ውኃና ኩላንት እኩል ቀላቅለው ይሙሉ። ከዚያ በኋላም ከቀነሰ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ግን እንደ ወተት የነጣ ዝቃጭ ካዩ የቴስታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይሆን አይቀርምና መኪናዋን ሳያስነሡ መካኒክ ይጥሩ። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን ፈጽሞ እንዳይከፍቱ።

ጥያቄ፦ የባለ 1 ሊትሯን ቪትዝ ሞተር አውጥቼ የባለ 1.3ውን ብገጥም ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም ባይ ነን። የባለ 1 ሊትሯ 1ኤስዜድ እና የባለ 1.3ዋ 2ኤንዜድ የተለያየ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ ሞተሩን ብቻ ገዝቶ መግጠም አይቻልም፤ ካምቢዮው፣ የሞተር ማቀፊያዎቹ፣ የሽቦው ዝርጋታና የሞተሩ ኮምፒዩተር አብረው መምጣት አለባቸው። ይህን ሁሉ ከሚገዙ የራስዎን ሸጠው ባለ 1.3ዋን መግዛት ይረክሳል። ሐሳብዎ ከጸና ደግሞ የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ የተመዘገበ በመሆኑ ለውጡን አስቀድመው ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ። የሞተሩን ሕጋዊ የግዢ ሰነድ ሳይዙም ለሻጩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ፤ በዓመታዊ ምርመራ ቀን ኮፈኑ ተከፍቶ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሳይገጥም ቢገኝ ቦሎውን ያለ ብዙ እንግልት አያገኙትም።