ጫቱ ለመድኃኒቱ ማርከሻ ይሆናልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ወንዱ ልጄ የአእምሮ ሕመም ከያዘው ወዲህ በሐኪም ትእዛዝ ሃሎፔሪዶል የተባለ መድኃኒት ይወስዳል። ይሰማው የነበረው ድምፅና በሰው ላይ የነበረው ጥርጣሬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ለቆታል። ነገር ግን ሰውነቱ ደረቀብኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲራመድ ክንዱን አያወዛውዝም፤ ፊቱም እንደ ድሮው አይፈካም። ከአባቱ ጋር ዱዓ ላይ ተቀምጦ ጫት የቃመ ዕለት ግን ፍትትት ሲል፣ ሲጫወትና ሲስቅ አየዋለሁ። ጎረቤቶቼ «መድኃኒቱ ነው ያደረቀው፤ ጫቱ ያረክስለታል» ይሉኛል። በሚቅምበት ቀን መድኃኒቱን ባስቀርበት ምን አለበት?

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ በዓይንዎ ያዩት ነገር እውነት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ «ጫት ጎጂ ነው፤ ያስተዉት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም ለእርስዎ መልስ አይሆንም፤ ምክንያቱም ልጅዎ በቃመበት ዕለት ሰውነቱ የሚፍታታው በአጋጣሚ አይደለም። መድኃኒቱም ጫቱም በአንጎል ውስጥ የሚሠሩት በአንድ ንጥረ ነገር፣ በዶፓሚን ላይ ነው፤ የሚሠሩት ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ስሕተቱ ያለው ጎረቤቶችዎ ከዚህ በሚደርሱበት ድምዳሜ ላይ ነው።

ዶፓሚን ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ተለቆ በሚቀጥለው ሕዋስ ላይ በሚገኙ ተቀባዮች ላይ በማረፍ መልእክት ያደርሳል። የእነዚህ ተቀባዮች ዓይነት አምስት ሲሆን፣ ለጥያቄዎ ዋናው ዲ-2 የተባለው ነው። ሃሎፔሪዶል በዲ-2 ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን መልእክት አያስተላልፍም። ምንም ሳይሸጥ የሌላውን መደብ ይዞ እንደ ተቀመጠ የገበያ ሰው፣ ባለቤቱ ዶፓሚን ሲመጣ ማረፊያ እንዲያጣ ያደርጋል እንጂ እርሱ ራሱ ሥራ አይሠራም።

ችግሩ የሚመጣው ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ ከአንድ በላይ መስመር ስላለው ነው። አንደኛው መስመር ፍላጎትን፣ ትኩረትንና ለነገሮች የምንሰጠውን ክብደት የሚመለከት ሲሆን፣ በሳይኮሲስ (እንደ ልጅዎ የሌለ ድምፅ በሚያሰማና ሰውን በሚያስጠረጥር የአእምሮ ሕመም) ጊዜ ከመጠን በላይ የሚሠራው ይህ ነው፤ የመንገደኛ ሳል ወይም የጎረቤት ሹክሹክታ «ስለ እኔ ነው» የሚያሰኝ ክብደት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል። ሌላው መስመር የሰውነትን እንቅስቃሴ ያለሰልሳል። መድኃኒቱ ሁለቱን መስመሮች ለይቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያውን ሲያረጋጋ ሁለተኛውንም ይነካል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የክንድ አለመወዛወዝና የፊት አለመፍካት በፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ የሚታዩት ምልክቶች ናቸው፤ በዚያ ሕመም ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ በልጅዎ ላይ ግን ተቀባዩ ተይዟል እንጂ የሞተ ነገር የለም። ስለዚህ የልጅዎ ችግር በአብዛኛው የሚስተካከል ነው።

ይህ እውቀት በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ዶላይና ዴኒኬር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚንን ለአእምሮ ሕሙማን ሲሰጡ መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ የት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬዘርፒን በተባለ መድኃኒት ደንዝዘው የተኙ ጥንቸሎችን የዶፓሚን መሥሪያ የሆነውን ኤል-ዶፓ ሰጥቶ እንደገና አንቀሳቀሳቸው፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ሃሎፔሪዶል በቤልጅየም በጃንሰን ቤተ ሙከራ የተሠራው በ1958 ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በካናዳ የፊሊፕ ሲማን፣ በአሜሪካ የሰለሞን ስናይደር ቡድኖች ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በምን ያህል መጠን እንደሚያድኑ የሚወስነው በዲ-2 ላይ ያላቸው የመያዝ ኃይል መሆኑን አሳዩ።

አሁን ወደ ጫቱ እንምጣ። በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ማለትም የነርቭ ሕዋሳት ያጠራቀሙትን ዶፓሚን እንዲለቅቁ ያስገድዳል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ደካማ ወደ ሆነው ወደ ካቲን ስለሚለወጥ፣ ቃሚው ትኩሱን የሚመርጠውና ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ የሚያመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ምርቃና የሚባለውም በዚያው ሰዓት ግድም ይመጣል።

እንግዲህ ልጅዎ ሲቅም የተለቀቀው ብዙ ዶፓሚን ከመድኃኒቱ ጋር ለተቀባዩ ይሻማል፤ በእንቅስቃሴ መስመር ላይ ጥቂት ሲያሸንፍ ሰውነቱ ይፍታታል። ተመራማሪዎች ይህን የመሰለ ነገር በአይጦች ላይ ለረጅም ዘመን ሲያዩት ቆይተዋል። ሃሎፔሪዶል የተሰጠው አይጥ የፊት እግሮቹ በዘንግ ላይ ቢሰቀሉለት ሳያወርዳቸው እንደ ደረቀ ይቆያል፤ ዶፓሚንን የሚያበዛ መድኃኒት ሲሰጠው ግን ይንቀሳቀሳል። በተቃራኒው አምፌታሚን የተሰጠው አይጥ ያለ ዕረፍት ይሯሯጣል፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ ያሸታል፤ ሃሎፔሪዶል ደግሞ ይህን ያስቆማል። እርስዎ በቤትዎ ያስተዋሉት የዚህኑ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ግን በዱዓው ላይ አይታይም፤ ያው ዶፓሚን በመጀመሪያው መስመርም ላይ መድኃኒቱን ይሻማል። ልጅዎ ሲፍታታ ጥርጣሬውና ድምፁ የሚመለሱበት መንገድም አብሮ እየተከፈተ ነው፤ የሚመለሱት ግን በዚያው ዕለት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብለው ሊሆን ስለሚችል፣ ቤተሰብ ከጫቱ ጋር አያገናኛቸውም።

በሚቅምበት ቀን መድኃኒቱን ማስቀረት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ለሳምንታት ሃሎፔሪዶል የተሰጣቸው አይጦች አንጎል የዲ-2 ተቀባዮችን ቁጥር እንደሚጨምር ታይቷል፤ የተያዘበትን ለማካካስ ነው። እንዲህ በበዙ ተቀባዮች ላይ መድኃኒቱን አንስቶ ዶፓሚንን የሚያበዛ ቅጠል መጨመር፣ ሕመሙን በእጅ እንደ መጥራት ነው።

መድረቁን ግን ችለው እንዲቀመጡ አልመክርዎትም። እንዲያውም ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ለሐኪሙ በዝርዝር መንገር ያስፈልጋል። በስዊድን በካሮሊንስካ ተቋምና በሌሎችም ቦታዎች በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙ የሚረጋጋው ከዲ-2 ተቀባዮች ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ሲያዙ እንደሆነ፣ ከ80 በመቶ በላይ ሲያዙ ግን ጥቅሙ ሳይጨምር መድረቁ እንደሚበረታ አሳይተዋል። ስለዚህ መጠኑን በጥቂቱ መቀነስ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። አለዚያም ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥ፣ ወይም አርቴን የተባለውን ሊጨምርለት ይችላል። አርቴን በዶፓሚን ላይ አይሠራም፤ ዶፓሚን ሲቀንስ የሚያይለውን አሴቲልኮሊን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ተቀባዮች ይይዛል፤ ስለዚህ በአብዛኛው ሕመሙን ሳይቀሰቅስ ሰውነትን ያፍታታል። አፍ ማድረቅ፣ የሆድ ድርቀትና መርሳት ሊያመጣ ስለሚችል ግን ይህም በሐኪም ልክ ይሁን። አንገት ወይም ዓይን በድንገት ከተጣመመ፣ ወይም ከመድረቁ ጋር ብርቱ ትኩሳት ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ ጫቱን አይደብቁ፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ ምን ያህል እንደሚቅም፣ በጨብሲ መጠጥ ይጠጣ እንደሆነም ይንገሩ። ያልተነገረው ሐኪም «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ ልጅዎም የባሰ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ጫቱን አብዝቶ ይሻል። በወሎ ጫት የዱዓና የወዳጃ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጅዎን ከአባቱ አጠገብ ማስነሣት አይገባም ባይ ነኝ። ዕጣኑም ቡናውም ምርቃቱም አሉ፤ ቅጠሉ ብቻ ይለፈው። ይህን ደግሞ ከእርስዎ ይልቅ አባቱ ቢናገሩት ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐራራና ዱካክ ሊያስቸግሩት ስለሚችሉ ይታገሡት።

«መድኃኒቱስ ሱስ አይሆንበትም?» የሚል ስጋት በደብዳቤዎ ግርጌ ነበር። በቤተ ሙከራ ዝንጀሮዎች ካቲኖን ለማግኘት ማንሻውን ደጋግመው ይጫናሉ፤ ሃሎፔሪዶልን ግን ፈልጎ የሚጫን እንስሳ የለም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። የሚቅሙ ጓደኞቼ «ቡናም ያው ነው፤ አንጎል ላይ የሚሠራው አንድ ነው» ይሉኛል። እውነት ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ ዝምድና ግን አላቸው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ድካምና እንቅልፍ ያመጣል፤ የቡናው ካፌይን የአዴኖሲንን ተቀባዮች ይይዝበታል። ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ ከዲ-2 ጎን ለጎን ስለሚገኝ፣ ካፌይኑ እርሱን ሲይዝ የዶፓሚንን ሥራ በመጠኑ ያግዛል፤ ካቲኖን እንደሚያደርገው ግን ዶፓሚንን ከማከማቻው አስገድዶ አያስለቅቅም። ካፌይን በአማካይ በ5 ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከዚህ ፈጥኖ ያስወግደዋል። ፈረቃዎ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚያበቃ ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ባይጠጡ ቤት ገብተው ለመተኛት ይቀልልዎታል።