መጽሐፉን ይዛችሁ ውጡ

ውድ ልጆቼ፣

የታሪክና የነገረ መለኮት መጻሕፍትን ለመጽሔት መገምገም ስጀምር እንደ እናንተ ወጣት ነበርኩ። ከመጀመሪያዎቹ ግምገማዎቼ አንዱ ዛሬም ሲታወሰኝ ያመኛል። ደራሲው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1930 መዋሉን ጽፈው ነበር። እኔ በ1923 ላይ ስምንት ደምሬ 1931 አገኘሁና ስሌታቸው የተሳሳተ ነው ብዬ አሳተምኩ። ደራሲው አልተቆጡም። በግማሽ ገጽ ደብዳቤ «ልጄ፣ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ተመልከት» አሉኝ። በጥቅምት የሚደመረው ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል በእነርሱ 1896 የሚሆነው ለዚህ ነው። የሰው የብዙ ዓመት ድካም ላይ «ተሳስቷል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ እንደገና አስሉ።

የነገረ መለኮት መጽሐፍ ሲደርሳችሁ ደግሞ ቃላቱን መርምሩ። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የሚጽፉ ብዙ የውጭ ደራስያን «ሞኖፊዚት» (አንድ ባሕርይ ብቻ ባይ) የሚለውን ስም ያለ ጥንቃቄ ይለጥፉብናል። እ.ኤ.አ. በ451 የተካሄደውን፣ ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ያለውን የኬልቄዶን ጉባኤ አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጧል ብሎ ማስተማር ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን በማስተማር የሚታወቀውን አውጣኪን ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ታወግዘዋለች። ተዋሕዶ የሚለው ቃል መለኮትና ትስብእት (ሰውነት) ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ መሆናቸውን ይናገራል። ደራሲው ይህን ልዩነት ካላወቀ፣ የቀረው ምዕራፍ ምንም ያህል ቢያምር አትመኑት።

ግን ሚዛኑ ለእኛም ይሠራል። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ክርክር ጉባኤ ስለተረቱት ወገኖች የሚተርክ መጽሐፍ ስታነቡ፣ ደራሲው ትምህርታቸውን ከየት እንደቀዳው ጠይቁ። ከአሸናፊዎቹ ጽሑፍ ብቻ ከቀዳው፣ ያንን በግምገማችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። የእናንተ እምነት ከአሸናፊዎቹ ጋር ቢሆንም ጻፉት። እኔ በዚህ ነገር ላይ ለማንም አላዝንም፤ የተከራካሪን አሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ የእኔ ነው» በሚልበት መልክ ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ስለ ሃይማኖት ባይጽፍ ይሻላል።

ከዚያ መጽሐፉን ይዛችሁ ወደ ቦታው ውጡ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆይቷል፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝበን ታትሟል። ላሊበላን ካየ በኋላ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቷል። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ያንን ገጽ ሳነብ ሰውየው እንዳላጋነነ ገባኝ። እዚያው ሌላም ነገር አስተዋልኩ። አብያተ ክርስቲያናቱን የማነጹ ሥራ ሃያ አራት ዓመት ፈጀ የሚለውን እንደ ነገሩት ነው የጻፈው፤ ያየው ሕንጻውን፣ የሰማው ዘመኑን። በእርሱና በንጉሥ ላሊበላ መካከል ሦስት መቶ ዓመት ያህል አለ። ቤቴ ተቀምጬ ሳነብ ግን ሁለቱንም በአንድ እምነት ነበር የተቀበልኳቸው።

ለመንገዱ ብዙ ዕቃ አትሸከሙ። ጫማችሁ ማሰሪያ የሌለው ይሁን፤ በቀን ዐሥር ጊዜ ታወልቁታላችሁና። ድንጋዩ ጠዋት ጠዋት እግር ያቆራምዳል፣ ስለዚህ ወፍራም ካልሲ ያዙ። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን፣ ጋቢ ለሌሊት፤ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ በላይ የምመክራችሁ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ ውስጥ አንድ እጅ ግድግዳ ይይዛል፣ ሌላው መጽሐፉን፤ ለስልክ መብራት ሦስተኛ እጅ የላችሁም። ሥዕል ለማንሣት ገበዙን አስፈቅዱ፤ ከፈቀዱላችሁም የካሜራውን ፍላሽ አጥፉ። ለማስታወሻ እርሳስ ያዙ፤ ብራና አጠገብ እስክሪብቶ አይቀርብም።

ነሐሴ ላይ የምትወጡ ከሆነ መጽሐፉን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉት። የእኔን አልቫሬዝ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አገኘው፤ ስለ ላሊበላ የተጻፉት ገጾች እስከ ዛሬ እርስ በርስ እንደተጣበቁ ናቸው።