«ቆይ» ሲባል ለሚያለቅሰው ልጅሽ

እህቴ፣ የአምስት ዓመቱ ልጅሽ ኦቲዝም እንዳለበትና «ቆይ» ወይም «ነገ» ስትዪው እንደሚጮህ ጽፈሽ፣ ጊዜን እንዴት ላስረዳው ብለሻል። በእኔ የደረሰው እንዳይደርስብሽ ነው የምጽፍልሽ።

1. አስቀድመሽ ቤትሽ ያሉትን ሰዓቶች እዪ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ስምንት ወር ልጄን አስለቅሻለሁ። ልጄ ከመናገሩ በፊት ቁጥር ለይቷል፤ አሮጌ ስልኬም ከእጁ አይጠፋም። አባቱ ጠዋት ሲወጣ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል» እንለዋለን። በምሳ ሰዓት ሄዶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ እስከ ማታ ለቅሶ ነው። ለምርመራ የወሰድኩት ክሊኒክ ለሦስት ሰዓት ቀጥሮን በስድስት ሰዓት አስገባን። ባለሙያዋ አሥር ደቂቃ አይታው «ስለ ጊዜ ግንዛቤ የለውም» ብላ ፋይሉ ላይ ጻፈች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አስጠብቃን! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ቀሚሴን ጎተተኝ። ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠግቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ 12:00 ይላል። ከዚያ በሩን አሳየኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ በተባለው ሰዓት በሩ ላይ ይገኝ ነበር፤ ያልመጣው አባቱ ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት እኛ ሳናስበው እናቀናንሰዋለን፤ እርሱ የያዘው የተነገረውን ነው። ወዲያው የስልኩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩለት። የምሳ ሰዓቱ ለቅሶ በሳምንቱ ቆመ።

2. «ትንሽ ቆይ» አትበዪው፤ ትንሽ ስንት ነው? ቀዩ ቀለም እያነሰ የሚሄድ የጊዜ መቁጠሪያ በስልክ ይገኛል። ቀለሙ ሲያልቅ ግን ቃልሽን ጠብቂ።

3. «ነገ» በየቀኑ ቦታውን ስለሚቀይር እኛ በእንቅልፍ እንቆጥራለን። አያቱ ቤት ለመሄድ ሁለት ሌሊት ከቀረ፣ ሁለት የአልጋ ፎቶና የአያቱን ፎቶ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ እሰቅላለሁ፤ ጠዋት ሲነሣ አንዱን አልጋ ራሱ ያወርዳል። አማትሽ «አሞላቀቅሽው» ቢሉሽ አትስሚያቸው፤ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ቲች (TEACCH) የሚባለው የኦቲዝም ፕሮግራምም የቀን ውሎን በሥዕል ደርድሮ ያሳያል።

በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 2 ቀን፣ ለዕንቁጣጣሽ አራት አልጋ ሰቅዬ ዞር ስል፣ አምስተኛውን ይዞ መጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ እኔ ረስቻታለሁ፣ እርሱ ግን አልረሳትም።